ያበጠ እግር፣ ያነሰ ሞገድ

ከኡኬ ወደ ነቀምት የሚወጣው ሚኒባስ የሚሞላው በማለዳ ነው። መንገዱ ከአንገር ሸለቆ ሙቀት ተነስቶ ዳገት ዳገቱን ወደ ደጋው ይጓዛል። ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጥግ የተቀመጠችው እናት ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚወጣውን ትንፋሿን ታዳምጣለች። ባዶ እግሯን ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ይበቃት የነበረው ኮንጎ ጫማ አልገባ ስላላት ባሏ በፌስታል ይዞላታል። ሌሊት ጋደም ስትል ትታፈናለች፤ ስለዚህ ትራስ ደራርባ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታነጋው።

ከመሳፈሯ በፊት ጤና ጣቢያ ስትደርስ በኦሮምኛ የተናገረችው አጭር ነበር፦ «ሚሊ ኮ ዺታኤ»፤ እግሬ አብጧል። ነርሷ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣት ተጭና ለቀቀችው። የጣቱ ምልክት በሊጥ ላይ እንደታተመ ጎድጉዶ ቀረ። እብጠቱ ጉልበቷን አልፎ ሆዷ ደርሷል። ወደ ነቀምት የሚልክ የሪፈር ወረቀት ተጻፈላት።

ለዚህች እናት ስም አልሰጣትም። በወለጋ ከተሞች የሕክምና ተቋማት በር ከሚታዩ ታካሚዎች ከየአንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ወስጄ አንድ ሰው አድርጌ ያቀረብኳት ናት። የምትወስደን ግን ወደ እውነተኛ ጥያቄ ነው፦ በሰው ገላ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ የልብን ኤሌክትሪክ በሚያነበው ወረቀት፣ በኢሲጂ፣ ላይ ምን ያደርጋል?

ከመጋረጃው በስተጀርባ

የነቀምቱ የኢሲጂ ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማሽን። ከፊቷ ፍርሃቷን ያነበበችው ነርስ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አያምም» ትላታለች። «ኤሌክትሪክ አንሰድድብሽም፤ ያንቺን ነው የምናዳምጠው።»

ለማዳመጥ አሥር ቦታ ላይ መነካት ያስፈልጋል፤ አራቱ በእጅና በእግር፣ ስድስቱ በደረት። የደረቱ የሚጀምረው አራተኛውን የጎድን አጥንት ክፍተት በጣት ቆጥሮ በማግኘት ነው፤ ደረት ሲያብጥ ግን አጥንቱ ጣት ላይ አይመጣም። የእግሩ መቆንጠጫ ቁርጭምጭሚቷን አልይዝ ስላለ ነርሷ ከፍ አድርጋ ባትዋ ላይ አሰረችው። ይህ ስህተት አይደለም። ለማሽኑ እጅና እግር እንደ ማራዘሚያ ገመድ ናቸው፤ ገመዱን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ መያዝ የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው።

ወረቀቱ እየተንሸራተተ ወጣ። በላዩ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች አሉ። በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ አንድ ሚሊቮልት የሚሳለው በ10 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው። በየምቱ መጀመሪያ የምትታየው ትንሽ ጉብታ፣ ፒ፣ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ምልክት ናት። ቀጥላ የምትመጣው ሹል ኪውአርኤስ የታችኞቹ ናት፤ ሐኪም መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በእጅና በእግር ሊዶች፣ ማለትም ከእጅና ከእግር በሚነበቡት የኢሲጂ መስመሮች፣ ሁሉ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች፣ ወይም በደረት ሊዶች ሁሉ ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ስትሆን፣ ሐኪሞች «ሎው ቮልቴጅ» ይሉታል።

የዚህች እናት ሹል በእጅና በእግር ሊዶች አንድም ቦታ ከ4 አላለፈችም።

ባሏ ፌስታሉን ፈትቶ ሌላ ወረቀት አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳ ኢሲጂ፣ ከክሊኒክ ካርድ ጋር ታጥፎ የኖረ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት በመሆኑ ደብዝዟል፤ ቢሆንም ይነበባል። በዚያ ላይ የያኔዎቹ ሹሎች 8 እና 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ተረኛው ወጣት ሐኪም ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የልቧ ድምፅ በግማሽ ቀንሷል።

የጨው ውሃ በጎና ክፉ

ይህን ለመረዳት ወደ ላይደን፣ ኔዘርላንድስ፣ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንመለስ። ዊለም አይንቶቨን የሠራው የመጀመሪያው አስተማማኝ የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልግ ነበር። ዛሬ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ነገር ገና ስላልነበረ ታካሚው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውሃ በሞላባቸው ባልዲዎች ውስጥ ይነክር ነበር። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ከልብ ተነስቶ ቆዳ ላይ የሚደርሰውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ለማሽኑ ያቀብላል። ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉትን ስሞች ያወጣውም አይንቶቨን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከላቦራቶሪው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ሆስፒታል የተኛን ሰው የልብ ምልክት በስልክ ሽቦ ተቀብሎ መዝግቧል፤ ዛሬ ሐኪሞች ኢሲጂን በስልክ ፎቶ አንስተው ለባልንጀራቸው የሚልኩበት ነገር አያት አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ያ ከውጭ ያገለገለ የጨው ውሃ፣ ከውስጥ ሲጠራቀም ተቃራኒውን ይሠራል። እብጠት ማለት ከደም ሥር አምልጦ በሥጋና በቆዳ መሃል የተኛ የጨው ውሃ ነው። ከአዋቂ ሰው ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ከዚያ ውሃ ሁለት ሦስተኛው ሕዋሳት ውስጥ፣ አንድ ሦስተኛው ከሕዋሳት ውጭ ይኖራል። ልብ ሲደክም ወይም ኩላሊት ሲታወክ የሚጨምረው ይህ የውጪው ነው። እብጠቱ በጣት ተጭነው የሚያዩት ደረጃ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ተጠራቅሟል፤ ሦስት ሊትር ደግሞ ሦስት ኪሎ ነው።

በአንገር ሸለቆ መስኖ ያየ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በአንድ ቦይ ወደ ማሳው ጫፍ ይወርዳል። በመንገድ ላይ አሥር የጎን ቦዮች ቢከፈቱ ምንጩ አልቀነሰም፤ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ግን ይሳሳል። ልብ የምታመነጨው ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ሳንባ አየር ስለያዘ፣ ስብም ውሃ ስላነሰው ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፉም። ውሃ ሲሞላቸው ግን የጎን ቦዮች ይከፈታሉ። ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ እዚያው ይዞራል፤ በቆዳ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚለካው ልዩነት ያንሳል። ሞገዱ ያጥራል። ይህ በትምህርት ቤት የተማርነው የኦም ሕግ ነው፤ ተቃውሞ ሲቀንስ፣ ያው ኤሌክትሪክ ሲፈስ፣ ቮልቴጅ ይቀንሳል።

ሐኪሞች በልብ ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ሞገድን እንደሚያሳንስ ከድሮም ያውቁ ነበር። የመላ አካል እብጠት ራሱን ችሎ ይህን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳየው ግን የኒውዮርኩ የልብ ሐኪም ጆን ማዲያስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ መላ አካላቸው ያበጠ 28 ታካሚዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት፣ ታካሚው በኪሎ በጨመረ ቁጥር የኢሲጂው ሹሎች እየቀነሱ እንደሚሄዱ፣ ውሃው ሲወጣም እንደሚመለሱ አሳየ። ኩላሊታቸውን በማሽን የሚያሳጥቡ ሕሙማንም ተመሳሳይ ነገር ይታይባቸዋል፤ በአንድ እጥበት ሁለት ሦስት ሊትር ሲወጣላቸው ከእጥበቱ በኋላ የሚነሳው ኢሲጂ ከበፊቱ ይረዝማል። ልባቸው በአራት ሰዓት ውስጥ አልተለወጠችም።

ወረቀቱ የሚያሳስትባቸው መንገዶች

አጭር ሞገድ ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ልብን ሳይሆን ማሽኑን ነው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የምትሳለው አራት ማዕዘን ምልክት 10 ሚሊ ሜትር መቆም አለባት፤ 5 ላይ ከቆመች ማሽኑ በግማሽ ልክ ተስተካክሎ ነበር፤ ሞገዱም በሐሰት ተቆርጧል። ወጣቱ ሐኪም አያት፤ 10 ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ጥርጣሬ ነው፤ ልብን በሚሸፍነው ከረጢት ውስጥ ውሃ ይኖር ይሆን? በአገራችን የዚህ ዋና ምክንያት ቲቢ ነው። ውሃው በዝቶ ልብን ሲጫን ታካሚው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ሕክምናውም በመርፌ መቅዳት ነው። ለእብጠት የሚሰጠው የሽንት መድኃኒት ያን ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ የተጨናነቀች ልብ ወደ ውስጧ የሚገባው ደም እንዳይቀንስባት ትፈልጋለችና። ስለዚህ «ያበጠች ስለሆነች ነው ሞገዱ ያነሰው» ብሎ መዝጋትም፣ «ሞገዱ ስላነሰ ልቧ ውሃ ቋጥራለች» ብሎ መርፌ ማንሳትም ሁለቱም አደጋ ናቸው። ሐኪም የሚፈልጋቸው ምልክቶች አሉ፦ የኢሲጂው ሹል አንዷ ረጅም አንዷ አጭር እያለች መፈራረቅ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ታካሚው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ግፊቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ መውደቅ፣ የአንገት ሥር መወጠር። የመጨረሻው ዳኛ አልትራሳውንድ ነው።

አልትራሳውንዱ ላይ የእናታችን የልብ ከረጢት ባዶ ሆኖ ተገኘ። የታየው ሌላ ነው፦ በግራ በኩል የላይኛውን ክፍል ከታችኛው የሚለየው ሚትራል ቫልቭ ጠቧል፤ ጫፎቹ ተጣብቀዋል። ሳይታከም የቀረ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም በቫልቩ ላይ የተወው ጠባሳ ነው። በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን ታምማ፣ እንጥል ተቆርጦላት ይሆናል፤ ፔኒሲሊን ግን አላገኘችም። ይህ በእሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ጅማ ላይ ጤነኛ መስለው ትምህርት ቤት ከሚውሉ ልጆች መካከል ከ1000ው በ30 ገደማ ላይ የዚህ በሽታ ምልክት በአልትራሳውንድ ታይቷል።

እብጠት በኢሲጂ ላይ የሚሠራው ሌላው ተንኮል እዚህ ይገለጣል። ሚትራል ቫልቭ ሲጠብ የላይኛው ግራ ክፍል ይሰፋል፤ ፒም ይሰፋል፤ ሦስት ትንንሽ ካሬ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆንና ጫፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሰውነት ሲያብጥ ግን ፒም ያጥራል፤ ጅማሬውና ፍጻሜው ከመስመሩ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋና ጠባብ መስሎ ይነበባል። በሽታዋን የሚያጋልጠው ምልክት በውሃ ተሸፍኗል።

ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ተራ የሚጠብቁት አዛውንት ደግሞ የቆየ የደም ግፊት አለባቸው፤ እግራቸውም አብጧል። ግፊት ያደነደነው ልብ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ልብ ረጅም ሹል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የሶኮሎቭና የላየን መለኪያ፣ ከመጀመሪያው የደረት ሊድ ወደ ታች የሚወርደውንና ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ወደ ላይ የሚወጣውን ደምሮ 35 ሚሊ ሜትር ከሞላ «ልብ ወፍሯል» ይላል። አባታችን ሳያብጡ 39 ቢኖራቸው ኖሮ እብጠት አንድ ሦስተኛውን ሲወስድ 26 ይቀራል። ማሽኑ «ጤነኛ» ብሎ ይጽፋል። ያለ አሮጌ ወረቀት ማንም አይነቃበትም።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ዳንኤል ብሮዲ እንዳስረዳው በልብ ክፍሎች ውስጥ ያለው ደም ራሱ ሞገዱን ከፍ የማድረግ ጠባይ አለው። ልብ ውስጥ ያለው ደም ከፍ ያደርጋል፣ ከልብ ውጭ ያለ ውሃ ዝቅ ያደርጋል፤ መላ አካሉ ባበጠ ሰው ግን የውጪው ያሸንፋል።

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም

በወለጋ እግር ማበጥ ብዙ ስም አለው። በደጋው ቀይ አፈር ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ ገበሬ ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ይህ በትንኝ የሚመጣው አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ አፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሚያስነሱት ነው። የሕክምና ስሙን የሰጠውም ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነው። ዝሆኔ ያበጠው እግር ቆዳው ጠንክሮ ይሻክራል፤ በጣት ሲጫኑት አይጎደጉድም፤ ሆድና ደረት አይደርስም። የኢሲጂ ሞገድንም በአብዛኛው አያሳንስም፤ ማራዘሚያ ገመዱ ወፈረ እንጂ ልብን የከበባት አካል አልተለወጠምና።

እንቅርትም አለ። አዮዲን በጎደለበት ደጋ የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ፊት ያብጣል፣ ልብ ይዘገያል፣ በልብ ከረጢት ውስጥ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ሞገዱም ያንሳል። ፊቱ ጠዋት ጠዋት የሚያብጥ ልጅ ደግሞ ኩላሊቱ ፕሮቲን ያፈስ ይሆናል። ምግብ የጎደለው ሕፃን እግሩ ሲያብጥ ክዋሺዮርኮር ነው። ወረቀቱ ላይ እነዚህ ሦስቱም «አጭር ሞገድ» ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጣት፣ ዓይን፣ ሽንትና ታሪክ ነው።

ዘጠኝ ኪሎ

የእናታችን ሕክምና ቀላል ስም አለው፤ ላሲክስ፣ የሽንት መድኃኒት። በደም ሥር በተሰጣት በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ስትመላለስ ዋለች። ባሏ ከቤት ያመጣላትን አንጮቴ ያለ ጨው በላች፤ «ጨው የሌለው ምግብ ምን ምግብ ነው?» ብላ አጉረመረመች። አባቶቿ አሞሌ ከሩቅ አስመጥተው በገዙበት ገበያ ያደገች ሴት ጨው ተይ ሲሏት ሌላ ምን ትበል። በየጠዋቱ በሚዛን ላይ ትቆማለች። ስትገባ 61 ኪሎ የነበረችው በአሥረኛው ቀን 52 ሆነች።

ሁለተኛው ኢሲጂ ተነሳ። 4 የነበረው 8 ሆነ። ፒ ሰፋች፤ ጫፏም ለሁለት ተሰነጠቀች። በሽታዋ ወረቀቱ ላይ አሁን ገና ታየ።

ባሏ ሁለቱን ወረቀቶች አየና ፊቱ በራ። «ዶክተር፣ ልቧ በረታ ማለት ነው?»

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የሚያሳዝን ነው። ቫልቩ እንደጠበበ ነው። ሞገዱ የረዘመው ልቧ ስለበረታች ሳይሆን በልቧና በማሽኑ መካከል የነበረው ውሃ ስለተነሳ ነው። ስትገባም ሞገዱ ያጠረው ልቧ በሦስት ሳምንት ስለደከመች አልነበረም። የሞገድ ቁመት የልብን ጉልበት አይለካም፤ ይህን ያልተረዳ ሐኪም መጀመሪያ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ኋላም ያለ ምክንያት ይጽናናል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ላሲክስ ውሃን ብቻ አያወጣም፤ ፖታሲየምንም ይዞ ይወጣል። ፖታሲየም ሲጎድል የኢሲጂው ቲ ይጠፈጠፋል፤ ከኋላውም ዩ የምትባል ትንሽ ጉብታ ትነሳለች። ስለዚህ ውሃ እየወጣለት ያለ ሰው ሹሎቹ ሲረዝሙ ቲ ግን ካጠረ፣ ደም ተቀድቶ ፖታሲየሙ መታየት አለበት።

ለጠበበው ቫልቭ መንገዱ ረጅም ነው። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባት፤ ከዚያም ቫልቩ በፊኛ ወይም በቀዶ ጥገና የሚከፈትበትን ዕድል መጠበቅ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የተወለደው ይህን ዓይነት በሽታ ለማከም ሕፃናት ባሕር ማዶ ይላኩ ስለነበር ነው። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወለጋ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት መንገድ ይዘጋ የነበረበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ያውቃል።

የእህል ሚዛን

ስለዚህ በኡኬና በነቀምት መካከል የሚሠራ ነገር መገኘት አለበት። ማዲያስ በጥናቶቹ የደረሰበት ምክር ርካሽ ነው፤ ያበጠን ሰው ኢሲጂ ስታነጻጽር ኪሎውንም አነጻጽር። የደረት ሊዶች በተለጠፉ ቁጥር ቦታቸው ስለሚዛነፍ፣ የእጅና የእግሮቹን፣ በተለይ አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ኤቪአር የሚባለውን ብታይ ይሻልሃል ይላል። ሹሎቹ ከኪሎው ጋር ከወረዱ ውሃ ነው። ኪሎው ሳይጨምር ከወረዱ ሌላ ነገር አለ፤ የልብ ከረጢቱን እይ።

ወጣቱ ሐኪም በሁለቱ ኢሲጂዎች ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ፦ 61 ኪሎ። 52 ኪሎ። ቀኑንም ጨመረ፤ ወረቀቱ እንዳይደበዝዝም ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ሰጣቸው።

«እቤት ሚዛን አላችሁ?» አላቸው።

ሳቁ። ሚዛን ያለው ቤት የት ይገኛል?

ባልየው አሰበ። «የበቆሎ ነጋዴው ጋ አለ» አለ። «ከረጢት የሚመዝንበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው።»

«እሱ ይበቃል። ሁልጊዜ በእሱ፣ ሌላ ሚዛን አትቀይሩ። ጠዋት ሸንታ፣ ቁርስ ሳትበላ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች፣ እግሯ ባያብጥም እንኳ ኑ።»

እግር ሲያብጥ ሦስት ሊትር ያህል ገብቷል፤ የበቆሎ ነጋዴው ሚዛን ግን ሁለተኛውን ሊትር ያያል። ወረቀቱ ከፌስታሉ ሲወጣ ኪሎው ተጽፎበት ካለ፣ ቀጣዩ ሐኪም ማንም ይሁን፣ ሞገዱ የልቧን ይንገረው ወይስ የውሃዋን ያውቃል።

ወደ ኡኬ የሚወርደው ሚኒባስ ከሰዓት ተሞላ። ባልየው ፌስታሉን እንደ መጀመሪያው አልያዘም፤ ውስጡ የቀሩት ወረቀቶቹ ብቻ ነበሩ። ኮንጎ ጫማው እግሯ ላይ ነው።